የአባቴን ሕመም ለሰንበቴውና ለዕድሩ ሰው እንዴት ላስረዳ?

ጠያቂ (ከመሐል ሜዳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበግ ጠጉር ዝተት ሲሸምኑ የኖሩ የመንዝ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ባረፈ ጊዜ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክር እንደሚያከር ሰው ይሽከረከራሉ፤ ሲኒ ለማንሣት ሲዘረጉት ግን መንቀጥቀጡ ቀነስ ይላል። ደብረ ብርሃን የመረመሯቸው ሐኪም ፓርኪንሰን መሆኑን ነግረውናል። ጎረቤቱ መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለ፣ በእኛ አገር ብርድ ይህ አያስገርምም። በኋላ ግን እግራቸውን እየጎተቱ መራመድ ሲጀምሩ፣ አረቄ ቀምሰው የማያውቁትን ሰው «ጠጥተው ነው» የሚል ሹክሹክታ በመሰማቱ ሰንበቴ መሄድ አቁመዋል። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ለመናገር አስቤአለሁ፤ ከምን ልጀምር?

መልስ 1 (ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)፦
ከሚያዩት ነገር ይጀምሩ እንጂ ከበሽታው ስም አይጀምሩ። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ የሚመጣ ሕመም እንደሆነና ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ያስረዱ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ሲጽፍበት «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ብሎት ነበር፤ ይሁንና እጃቸው ከቶ ሳይንቀጠቀጥ ሰውነታቸው የሚደርቅ፣ ፊታቸው ፈገግታ የሚያጣ፣ ድምፃቸው የሚሰልል ሕመምተኞችም አሉ። የሚንቀጠቀጥ ሁሉም ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም እጅ ይንቀጠቀጣል።

መልስ 2 (ከደብረ ሲና)፦
እናቴ ይኸው ሕመም አለባቸው። የለቅሶ ድንኳን በር ላይ እግራቸው መሬት ላይ እንደተሰፋ ቀርቶ፣ ከኋላ ያሉት «ይግቡ እንጂ» እያሉ ሲገፏቸው፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ከዘራዬን ከእግራቸው ፊት አጋደምሁና «ይሻገሩት» አልኋቸው። ተሻግረው ገቡ። አንጎል መራመድ ሲያቅተው የሚሻገረው ነገር ሲያይ እግርን ሊያነሣ እንደሚችል ለዕድራችን ዳኛ ያስረዳሁት በዚያው ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቴን የሚገፋ የለም። አባትዎን ግን አስፈቅደዋል?

መልስ 3 (ከአንኮበር)፦
ጠበሉን አይንኩባቸው፤ ክርክር ከተነሣ ስብሰባው በዚያው ያልቃል። የእኛ ንስሐ አባት «ጠበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» ማለታቸው ከእኔ ንግግር ሁሉ በልጧል። ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሥጋና ወተት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻሙት፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ይሻላል። ሚያዝያ 3 የዓለም ፓርኪንሰን ቀን ስለሆነ ለንግግርዎ ምክንያት ይሆንዎታል። አዲስ አበባ ውስጥም ወይዘሮ ክብራ ከበደ፣ ራሳቸው ሕመምተኛ ሆነው፣ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት አለ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስፈቀዱን ዘንግቼው ነበር፤ ማታ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የምታወራ ከሆነ እኔ በተቀመጥሁበት ይሁን» አሉኝ። የፊታችን እሑድ ሰንበቴው አብረን እንሄዳለን፤ ከዘራውንም እይዛለሁ።