ለሁለተኛ ዲግሪ 60,000 ዶላር መበደር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ተቀባይነት ባገኝም፣ የሁለቱ ዓመት ክፍያ 60,000 ዶላር በመሆኑና አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼም በየወሩ ገንዘብ ስለምልክ፣ ብድሩን ልውሰድ ወይስ ልተወው በሚለው ላይ ምክራችሁን እሻለሁ።

ምላሽ 1፦ የድኅረ ምረቃ የፌዴራል ብድር ወለድ ገና ትምህርት ላይ እያሉ ስለሚቆጠር፣ በምረቃዎ ቀን የሚጠብቅዎ ዕዳ ከተበደሩት ይበልጣል። ከዚህም በላይ በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የተባለውን፣ ቀሪውን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን ያስችል የነበረ የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች በማስቀረቱ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ከፌዴራል መንግሥት በዓመት መበደር የሚቻለው እስከ 20,500 ዶላር ብቻ ነው። ይህ በሁለት ዓመት 41,000 ዶላር ስለሚሆን፣ ቀሪውን 19,000 ዶላር ከግል አበዳሪ ሊፈልጉ ነው ማለት ነው፤ እኔን የሚያሰጋኝ ይኸኛው ነው።

ምላሽ 2፦ አሠሪዎ መንግሥት ወይም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከሆነ፣ በሙሉ ሰዓት እየሠሩ መስፈርቱን የሚያሟሉ 120 ወርሃዊ የዕዳ ክፍያዎችን ሲፈጽሙ ቀሪው የፌዴራል ዕዳ ይሰረዝልዎታል፤ የግል ብድር ግን በዚህ አይካተትም። እኔ ማታ ማታ ስማር አሠሪዬ ከፊሉን ክፍያ ሸፍኖልኛል (በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ግብር አይቆረጥበትም)። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ፤ ዕዳ ግን የለብኝም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ክፍያ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ሰኞ እጠይቃለሁ።