ጥንታዊ የባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች ቅርጻቸው ለምን ተለያየ?

ማማ ተመልካች (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በየአገሩ የሚገኙ ጥንታዊ የመብራት ማማዎችን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሳስተያይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሁሉም ሥራ በሌሊት ለመርከበኛ ብርሃን ማሳየት ነው፤ ሆኖም አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ ሌላው ገደል አናት ላይ የተቀመጠ ድንክ፣ አንዳንዱ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ሌላው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተጠመጠመበት ነው። ይህ ልዩነት የየዘመኑ የግንባታ ስልት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመንስ በሻማ ወይም በዘይት የሚነድ መብራት ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት እንዴት ሊታይ ቻለ? ማማው ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ርቆ ይታያል የሚባለውስ ሁልጊዜ እውነት ነው?

ድንጋይ ጠራቢ

ቅርጹን በተመለከተ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በፈረንሳይ ጠረፍ በ1611 የተጠናቀቀውን፣ የንጉሥ ክፍልና የጸሎት ቤት ያለውን የኮርዱዋንን ማማ ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር፣ በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ ለጌጥ ብቻ የተሠራ ነገር ብዙም አይገኝም። ቅርጹን የሚወስነው ማማው የቆመበት ቦታና የሚመታው ማዕበል ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከፕሊመዝ ከተማ ፊት ለፊት ያለው ኤዲስቶን የተባለው ዓለት ነው። ሄንሪ ዊንስታንሊ እዚያ የሠራው የመጀመሪያው ማማ በ1698 በራ፤ በ1703 የተነሣው ታላቅ ማዕበል ግን ማማውን፣ በዚያች ሌሊት በውስጡ ከነበረው ከራሱ ከሠሪው ጋር ጠርጎ ወሰደው። በ1709 የተጠናቀቀው ሁለተኛው ማማ አብዛኛው አካሉ እንጨት ስለነበር ማዕበሉን ለአርባ ስድስት ዓመታት ያህል ተቋቁሞ በ1755 በእሳት ወደመ። ሦስተኛውን እንዲሠራ የተጠራው ጆን ስሚተን ከሁለቱም ውድቀት የተማረ ይመስላል። ማማውን በድንጋይ ሠራው፤ ቅርጹንም እንደ ባሉጥ ዛፍ ግንድ ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ እየቀጠነ የሚሄድ አደረገው።

በቅርበት ሲታይ የሚያስደንቀው ግን የድንጋዮቹ አያያዝ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ አንገቱ ጠቦ ጫፉ እንዲሰፋ ተደርጎ ስለተጠረበ በጎረቤቱ ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወደ ጎን ስቦ ሊያወጣው የሚችል ኃይል የለም። አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ደግሞ በመካከላቸው የእብነ በረድ ችንካር ገብቷል። ማያያዣው ውኃ ውስጥ ሆኖም የሚጠነክር ልዩ የኖራ ቅይጥ ነበር፤ ስሚተን በዚህ ላይ ያደረገው ምርምር ለኋለኛው ሲሚንቶ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው።

ይህ ማማ በ1759 ሥራ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ አገለገለ። በመጨረሻም የተሸነፈው ማማው ሳይሆን ዓለቱ ነው፤ ሥሩን ባሕሩ እየቦረቦረው ስለሄደ ትልቅ ማዕበል በመታው ቁጥር ሕንፃው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በ1882 አዲስ ማማ በአጠገቡ ሲተካ የአሮጌው የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ወደ ፕሊመዝ ተወሰደና እንደገና ተገጠመ፤ ጉቶው ግን እስከ ዛሬ ዓለቱ ላይ ቆሟል። የአዲሱ ማማ ሠሪ ጄምስ ዳግላስ ከሥሩ ቀጥ ያለ፣ ከበሮ መሰል መሠረት ማድረጉንም ልብ ይሏል። የስሚተን ጠማማ ግድግዳ ማዕበሉን እያንሸራተተ እስከ መብራቱ ክፍል ያወጣው ስለነበር፣ ዳግላስ ማዕበሉ ከታች ተመትቶ እንዲሰበር ፈለገ።

መነጽር

ስለ ብርሃኑ ደግሞ እኔ ልጨምር። ድንጋይ ጠራቢ ያወሱት የስሚተን ማማ መጀመሪያ ላይ ይበራ የነበረው በሃያ አራት ሻማዎች ብቻ ነው፤ ስለዚህ እጅግ ጠንካራው ሕንፃ የተሸከመው እጅግ ደካማ ብርሃን ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ ነበልባል ብርሃኑን በየአቅጣጫው መበተኑ ነው፤ ወደ ሰማይና ወደ ወለሉ የሚሄደው ለመርከበኛው አይጠቅምም። ከነበልባሉ በስተጀርባ ጎድጎድ ያለ የብረት መስታወት ማስቀመጥ የተወሰነ መፍትሔ ሰጠ፤ ነገር ግን መስታወቱ ራሱ ከብርሃኑ ብዙውን ያስቀር ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፈረንሳዊው ኦጉስቲን ፍሬኔል ነው። አንድ ግዙፍ ሌንስ ቢሠራ ውፍረቱና ክብደቱ የማይቻል ስለሚሆን፣ ብርሃንን የሚያጥፈው የሌንሱ ገጽ እንጂ መካከሉን የሞላው መስታወት አለመሆኑን ተረድቶ መካከሉን አስወገደና ገጹን በቀለበት በቀለበት ከፋፍሎ በነበልባሉ ዙሪያ ደረደረው። በኋላ ከላይና ከታች የተጨመሩት ፕሪዝሞች (የብርሃንን አቅጣጫ የሚያስቀይሩ ባለ ማዕዘን መስታወቶች) ወደ ሰማይና ወደ ወለሉ የሚያመልጠውን ብርሃን ሰብስበው ወደ አድማሱ ይመልሳሉ። የፍሬኔል የመጀመሪያው ሌንስ ሥራ ላይ የዋለው ከላይ በተጠቀሰው በኮርዱዋን ማማ በ1823 ነው። የአንደኛ ደረጃ (በፍሬኔል ምድብ ትልቁ) ሌንስ ከነበልባሉ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት 92 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛው ገብቶ ሊያጸዳው ይችል ነበር።

መልሕቅ

ከፍታን በሚመለከት መልሱ «እስከ ልኩ ድረስ» ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ዝቅ ያለ መብራት ከአድማስ በታች ይሰወራል፤ ይሁን እንጂ ርቀቱ ከከፍታው እኩል አያድግም። ዓይኑ ከባሕሩ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚያይ መርከበኛ 36 ሜትር ላይ ያለ መብራት እስከ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይታየዋል። ከፍታውን አራት እጥፍ አድርገን 144 ሜትር ብናደርሰው ግን ርቀቱ ወደ 54 ኪሎ ሜትር ብቻ ያድጋል። ገደል አናት ላይ ያየናቸው ማማዎች ድንክ የሆኑትም ገደሉ ራሱ ከፍታውን ስለሰጣቸው ነው።

ከልክ ያለፈ ከፍታ ደግሞ ጠንቅ አለው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ፖይንት በ1860 የተሠራው ማማ ከባሕር ወለል ወደ 240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር፣ ባሕሩ ላይ አየሩ ጥርት ብሎ ሳለ መብራቱ በደመናና በጉም ተሸፍኖ ይውል ያድር ነበር። በ1911 ሉሲታኒያ የተባለች የፖርቱጋል መርከብ (በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሰጠመችው የእንግሊዟ አይደለችም) እዚያ ዓለት ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ 87 ሜትር ከፍታ ላይ አዲስ ማማ ተተካ። በእንግሊዝ ቢቺ ሄድም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ገደሉ አናት ላይ ያለው ቤል ቱት የተባለው ማማ በጉም ስለሚሸፈን በ1902 ሌላ ማማ ከገደሉ ግርጌ፣ ባሕሩ ውስጥ ተሠራ።

ማማ ተመልካች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው የቀለሙ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በአንዳንድ የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ የመብራቱ ክፍል በቀን በመጋረጃ ተሸፍኖ አያለሁ፤ ለምንድን ነው?

መልሕቅ

ቀለሙ የቀን ምልክት ነው። መርከበኛ ማማ ማየቱ ብቻ አይበቃውም፤ የትኛው ማማ እንደሆነ ማወቅ አለበት። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ዝቅተኛና ሁሉም ቦታው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ በ1873 ለኬፕ ሃተራስ ጥምዝምዝ፣ ለኬፕ ሉክአውት ባለ አራት ማዕዘን ጥልፍ፣ ለቦዲ አይላንድ ደግሞ አግድም መቀነት ተሰጣቸው። የቢቺ ሄዱ ቀይ መቀነት ያስፈለገው ከኋላው ያለው ገደል ነጭ ስለሆነ ነው። በሌሊት ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የብልጭታው ስልት ነው፤ ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ማይኖትስ ሌጅ የተባለው ማማ አንድ፣ አራት፣ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ ይበልጫል።

መነጽር

ብልጭታው የሚገኘው ሌንሱ በነበልባሉ ዙሪያ ሲሽከረከር ነው። ከ1890ዎቹ ወዲህ ብዙዎቹ ከባድ ሌንሶች በሜርኩሪ ገንዳ ላይ እንዲንሳፈፉ ስለተደረገ ብዙ ኩንታል የሚመዝነውን መስታወት በጣት መግፋት ይቻል ነበር፤ የሚያዞረውም በማማው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ ክብደት ሲሆን፣ ጠባቂው ሌሊቱን እየተነሣ መልሶ ወደ ላይ ይጠመጥመዋል። መጋረጃውን በተመለከተ፣ ሌንሱ ብርሃንን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደሚሰበስብ ሁሉ የፀሐይንም ጨረር ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። በቀን ሳይሸፈን ከቀረ ጨረሩ መካከል ላይ ተከማችቶ መብራቱን ሊያበላሽ፣ አልፎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው ጎህ ሲቀድ መብራቱን አጥፍቶ ሌንሱን ከወለወለ በኋላ መጋረጃውን በዙሪያው ይዘጋ ነበር።