ለመገኘት የፈረመ ሁሉ ተስማምቷል?

የሰፈሩ ልጅ፦ የወረዳው ሪፖርት የሰፈራችንን ሙያ ኮሌጅ መልሶ ማልማት፣ ማለትም አዲሱን የወርክሾፕ ሕንፃ ዕቅድ «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» ይላል። የቱ ላይ ነው የተስማማው? በስብሰባው አዳራሽ በር ላይ የዞረው ወረቀት ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ ይላል እንጂ «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ» የሚል ቦታ የለውም። ያው ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር በስቴፕለር ተያያዘና ስምምነት ሆነ!

የቶርኖ መምህር፦ እጁን አውጥቶ የተቃወመ ሰው አልነበረማ። የአሁኑ ወርክሾፕ ቆርቆሮ ነው፤ 20 ተማሪ አንድ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ከብቦ ማሽኑን የሚነካው 2 ወይም 3 ልጅ ነው። ይህን ሕንፃ የሚያስቆም ሰው የሰፈሩን ልጆች ነው የሚጎዳው።

የሰፈሩ ልጅ፦ ወርክሾፕ አይሠራ ያለ የለም። ጥያቄው «ተስማምቷል» የሚለው ቃል ነው። ዝም ያለ ሁሉ ተስማማ?

የቶርኖ መምህር፦ ዝም ካለ ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ «ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፋ። ሳይት ፕላን፣ የግቢውን የግንባታ ንድፍ፣ በፕሮጀክተር ሁለት ደቂቃ አይቶ ማንም ሊስማማ አይችልም። በዕቅዱ ላይ ያለው ሁለት ቤዝመንት ማለት ከ6 እስከ 7 ሜትር ቁፋሮ ነው። የኮሌጁን አጥር ተደግፈው የተሠሩት ጭቃ ቤቶች መሠረታቸው ጥልቀት የለውም፤ አፈሩ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሾሪንግ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ ድጋፍ፣ ሳይሠራ ከተቆፈረ አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ይሸሻል፣ ግድግዳውም ይከተለዋል። ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት በየቤቱ ያለው ስንጥቅ ቀን ተጽፎበት በፎቶ ይያዝ፣ በትልልቆቹም ላይ ስንጥቁን አቋርጦ ጄሶ ይለጠፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ያለዚያ ተቋራጩ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ይላል፣ መልስም አይኖራችሁም።

የቶርኖ መምህር፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የግንባታ ጉዳይ ነው፤ ለምክክር ምኑ ነው?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ዋናው እሱ ነው እንጂ ልጄ! ሰው የሚመክረው ቤቱን ስለሚነካው ነገር ነው።

ሕግ የምታውቀው፦ በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ተነሺው ባለይዞታ ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከር ያዛል። አቤቱታ የሚቀርብበት 30 ቀን ግን የሚቆጠረው የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰበት ቀን ነው። ሰው «ሌላ ስብሰባ ይጠራል» እያለ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል።

የቶርኖ መምህር፦ አስቸኳይ ከሆነ ከዓመት ሊያንስ ይችላል የሚለውን ለምን ዘለልሽው?

ሕግ የምታውቀው፦ አልዘለልኩም፤ ያጣደፈው ምክንያት በጽሑፍ ይውጣ ነው የምለው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ከተሠራም አዋጅ 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተት ይላል። ይህን ሪፖርት ያየ አለ?

የቀበሌ ቤት ነዋሪ፦ እናንተ ስለ ባለይዞታ ታወራላችሁ። ከአጥሩ ሥር ያለነው አብዛኞቻችን የቀበሌ ቤት ተከራይ ነን። ምትክ ቤቱ የት እንደሆነ አንዲት ቃል አልተነገረም።

የቶርኖ መምህር፦ እሱ የቤቶች አስተዳደር ነው፣ ኮሌጁን አይመለከትም።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ፦ ታዲያ የቤቶች አስተዳደር ሳይጠራ እኛን «ተስማሙ» ያለው ማነው?

የሰፈሩ ልጅ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ከፊርማው በላይ በእጃችሁ «ለመገኘት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፣ የቃለ ጉባኤውንም ቅጂ ጠይቁ።

የቶርኖ መምህር፦ እንዲህ እያላችሁ ልጆቹ ሌላ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ይማራሉ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ጄሶ መለጠፍ ዓመት አይፈጅም። አንድ ሰፈር በሁለት ቀን ያልቃል።