ለወረቀት ህትመት በሚዘጋጅ የፓይተን መጽሐፍ ውስጥ ኮዶቹን እንዴት እንፈትሽ?

አርታኢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ የተጻፈ የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) መጽሐፍ ለህትመት እየተዘጋጀ ነው። ጽሑፉም ኮዱም ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ነው ያለው። ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ ኮፒ እያደረጉ ከማሄድ የተሻለ መንገድ አለ?

ባዶ_መስመር፦
መጀመሪያ ኮዱን ከወርድ አውጣው። ወርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት በራሱ ጠማማ ያደርገዋል፤ ፓይተን ደግሞ ጠማማውን አይቀበልም። በአማርኛ ኪቦርድ ሲጻፍ በኮለን (:) ፋንታ የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ይገባል። በዓይን አይለይም፣ ኮዱ ግን ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ይሰጣል።

እያንዳንዱ ምሳሌ የራሱ ፋይል ይኑረው። ስፊንክስ ወይም አስኪዶክ የተባሉትን የሰነድ ማዘጋጃዎች ከተጠቀምክ ጽሑፉ ኮዱን በቀጥታ ከፋይሉ ይወስዳል፤ የተፈተሸውና የሚታተመው አንድ ይሆናል። በእጅ መገልበጥ ካለ መፈተሹ ትርጉም የለውም።

ተርሚናል፦
በ>>> የሚጀምሩትን ምሳሌዎች ዶክቴስት ለተባለው መፈተሻ ስጠው፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ኮዱን አሂዶ ውጤቱን ከታች ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽራል። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው፦

«ሴት» የተባለው የዳታ ዓይነት ስትሪንጎች ከያዘ ቅደም ተከተሉ ባሄድከው ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል፤ በቅደም ተከተል የሚደረድረው «ሶርትድ» ውስጥ አስገባው። ዲክሽነሪ ከፓይተን 3.7 ወዲህ ቅደም ተከተሉን ስለሚጠብቅ አያሳስብህ። እንዲሁ የሚለዋወጠው የሜሞሪ አድራሻ ከታተመ የዶክቴስትን «ኤሊፕሲስ» አማራጭ ከፍተህ በሦስት ነጥብ ተካው።

ሆን ተብሎ እንዲሳሳት የተጻፈ ኮድም ይፈተሽ፤ የተባለውን ኤረር ካልሰጠ ምሳሌው ተበላሽቷል ማለት ነው። የኤረር መልእክቶች ከቨርዥን ቨርዥን ይለያያሉ፣ 3.10 ላይ በተለይ ብዙ ተቀይሯል። የፓይተኑንም የላይብረሪዎቹንም ቨርዥን ቆልፈህ መግቢያው ላይ አስፍረው።

ህዳግ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የሚሠራን ኮድ ገጹ ራሱ ያበላሸዋል። የመስመር ርዝመት ከ65 ፊደል እንዳያልፍ ገደቡን ፍሌክ8 በተባለው የኮድ አጻጻፍ መፈተሻ ላይ አስቀምጥ፤ አለበለዚያ ገጹን የሚያቀናብረው ሰው ደስ ባለው ቦታ ይሰብረዋል።

ሌላው፣ ፓይተን ዓምዶችን የሚያስተካክለው በፊደል ብዛት ነው። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ስለሚሰፋ ሰንጠረዥ መሰል አውትፑት ወረቀት ላይ ይዛነፋል። አማርኛውን የመጨረሻው ዓምድ ላይ አድርገው።

ከፒዲኤፉ ኮፒ አድርጎ መፈተሽ አያዋጣም፣ ኢንደንቱ (በመስመር መጀመሪያ ያለው ክፍተት) ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ማተሚያ ቤቱ የሚልከውን የሙከራ ህትመት ይዞ መጽሐፉን የማያውቅ ሰው ኮዱን ኮምፒውተር ላይ በእጁ ጽፎ ያሂደው። ጊዜ ካጠረ በሁለት ገጽ የተከፈሉትን ኮዶች ብቻ፤ ኢንደንት የሚያሳስተው እነሱ ላይ ነው።