በአቃቂ ወንዝ የለማ ቆስጣ ይታገድ?

መነሻ፦ ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የሽንት ቤት ቱቦ ይቀበላሉ። በዚህ ውሃ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል ገበያ እንዳይወጣ ይከልከል?

ኬሚስቱ፦ ይከልከል እንጂ! «አጥቤ እበላለሁ» የምትሉ ራሳችሁን አትሸውዱ። ጀርሙን እሳት ይገድለዋል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም፣ እርሳሱ፣ ካድሚየሙ፣ መርዛማው ብረት ሁሉ ግን በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። አቼቶ ውስጥ ብትዘፈዝፉትም አይወጣም።

የመካኒሳ ልጅ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን እናቴ አራታችንን ያሳደገችው በዚያ ቆስጣ ነው። ልጅ ሆኜ ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ጠዋት አረፋ ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት ሰማያዊ ይሆናል። ከላይ ያለው ፋብሪካ ምን ቀለም ሲነክር እንደዋለ ከውሃው እናውቅ ነበር። እግሬን ሲያሳክከኝ ቫዝሊን ትቀባኛለች፣ በማግስቱ እመለሳለሁ። አትክልት በቧንቧ ውሃ ማን ያጠጣል? ጉድጓድ ማስቆፈርስ በምን አቅም? መጀመሪያ የሚታገደው ቀለሙን የሚደፋው ነው ወይስ የተደፋበት?

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ጉሊት ሄጄ «የየት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የዝዋይ ነው» ይሉኛል። አንድም ቀን የአቃቂ ነው ያለኝ ሰው የለም።

ጡረተኛው የብክለት ተቆጣጣሪ፦ ልጆች፣ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። አዋጅ 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። አንድ ፋብሪካ ለቁጥጥር ስንሄድ ማጣሪያው ይሠራል። በሳምንቱ ሳንናገር ብንመለስ ጠፍቷል። መብራቱና ኬሚካሉ ገንዘብ ነው፤ ማታ ዝናብ ሲዘንብ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ነፃ ነው። ይዘጋ ስትል ደግሞ «ዶላር ያስገባል፣ የስንት ሰው እንጀራ ነው» ይሉሃል።

ኬሚስቱ፦ እሺ ጋሼ፣ እነሱ እስኪስተካከሉ እኛ እንመረዝ? ቢያንስ ቅጠሉ ቀርቶ የአበባ ችግኝ ይፍላበት።

የመካኒሳ ልጅ፦ ይፍላ። ችግኝ ግን እንደ ቆስጣ በየሳምንቱ አይሸጥም። ገበያ እስኪያገኝ እናቴ ምን ትብላ? የበከለ ይክፈል ከተባለ የዚያን ጊዜ ጉርሷን ፋብሪካው ይቻል። ያኔ ቆስጣውን ራሴ ሄጄ እነቅለዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እስከዚያ ጎመኑን ከየት ልግዛ?

የመካኒሳ ልጅ፦ የዝዋዩን ነዋ። እናቴም ስትሸጥ እንደዚያው ነው የምትለው።