ያገኘሁትን የሕክምና ትምህርት ዕድል ልተወው?

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤቴ 507 ነው፤ ለ19 የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክቼ የተቀበለኝ አንድ የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት (በኤምዲ ፈንታ ዲኦ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጥ) ብቻ ነው፤ ከቤት በመኪና 9 ሰዓት ይርቃል። የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት 61,000 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ለአዲስ የሕክምና ተማሪ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ አያበድርም። የግል ባንክ ጠየቅሁ፤ ዋስ አምጪ አለኝ። ቦታዬን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልኝ ለመንኳቸው፤ አይሆንም አሉ። አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት የማደርሰው እኔ ነኝ። እናቴ ግን የቅበላ ደብዳቤውን አስለብጣ ከማርያም ሥዕል ሥር ሰቅላዋለች። መልስ የምሰጠው እስከ አርብ ነው። ዘንድሮ ትቼው፣ ፈተናውን ደግሜ በሚቀጥለው ዓመት ባመለክት፣ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች «ዕድል አግኝታ የተወች» ብለው ይይዙብኝ ይሆን?