ስማችን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ወይስ ይቅር?

የአጂፕ ልጅ፦ ሰላም የጅማ ሰዎች። ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ፤ የትኛው እንደሆነ ይለፈን። በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ድጋፍ የሚያገኙ ሰዎች ዝርዝር ተለጥፏል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። መጨረሻ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ከአንዲት ሴት ስም ትይዩ የሕመሟ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጣ ሲባል አልነበር? እንዲህ ያለው ዝርዝር ይቀጥል ወይስ ይቅር? እስቲ ተከራከሩ።

ጡረተኛው መምህር፦ ይቀጥል። ልጄ፣ አንተ ዝርዝር የማይለጠፍበትን ጊዜ አላየህም። ማን ቦታ እንደተሰጠው የምናውቀው አጥሩ ከታጠረ በኋላ ነበር። ባለ ፎቅ ቤቱ ሰውዬ የድጋፍ ዘይት ሲወስድ የያዝነው በዚያው ሰሌዳ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ዝርዝሩን አንሡትና ዘይቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ታያላችሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አንቀጽ 12ን ካነበቡ አይቀር 26ንም ያንብቡት። የግል ሕይወት ይከበር ይላል። ሕመሟ ሰፈር እንዳይሰማባት ብላ መድኃኒቷን አጋሮ ሄዳ የምትወስድ የጅማ ሴት አውቃለሁ። በየጊዜው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ትከፍላለች። እንዲህ ተጠንቅቃ የደበቀችውን አንድ ጸሐፊ በአንድ መስመር ዘርግፎት ቢያድር ምን ይባላል?

ቡና ነጋዴው፦ የሕመሙን ተዉት፣ ስልክ ራሱ ጉድ ነው። የኔ ቁጥር አንድ ዝርዝር ላይ ወጥቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጠራ። የቤት ቁጥሬን ነገረኝ። «እንኳን ደስ አለዎት፤ አሁን በመልእክት የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለ። ላነብለት ስል ሚስቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። ሌባው ጠንቋይ አይደለም፤ ሰሌዳ አንብቦ ነው።

የመርካቶው፦ እኔ እስካሁን የግል መረጃችንን ሲጠብቅልን ያየሁት የጅማን ዝናብ ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ ቀለሙን አጥቦ ይወስደዋል 😂

ጠበቃው፦ ሕጉን ላስቀምጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው። የግል ድርጅትን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንም ይመለከታል። የጤና መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ አለው። ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠው መረጃ ለዚያው ጉዳይ ነው መዋል ያለበት፣ የሚበቃውን ያህል ብቻ። ጋሼም ሕግ አላቸው። መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ 590/2000 አለ። ግን ያም አዋጅ የሌላን ሰው የግል መረጃ ይጠብቃል። ስለዚህ ጥያቄው ይለጠፍ አይለጠፍ አይመስለኝም። የትኛው ዓምድ ይለጠፍ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ጥሩ ተናገርክ። ግን በተግባር የሚሆነውን ልንገርህ። በቅርቡ የቤቴን ፋይል ለማየት አንድ ቢሮ ሄድኩ። የገዛ ቤቴን! ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የግል መረጃ ስለሆነ አይቻልም» አለ። የማን የግል? የኔ! የምፈራው ይህን ነው። ሕጉ ለድሃዋ ሴትዮ ወጣ ይባላል፤ መሸሸጊያ የሚሆነው ለሹሙ ነው።

ጠበቃው፦ እዚህ ላይ ልጁ ተሳስቷል። የራስን መረጃ ማየትና ስህተት ካለ ማሳረም በአዋጁ የተሰጠ መብት ነው። በጽሑፍ ይጠይቁ፣ እንቢ ካለም በጽሑፍ ይበል።

ጡረተኛው መምህር፦ በጽሑፍ! እስቲ አንድ ቀን አብረኸኝ ና።

መዝገብ ቤት የምሠራው፦ እኛንም ስሙን እንጂ። ቅጹ ከላይ ነው የሚመጣው። ዓምዱ አለ፣ እንሞላዋለን። አለጥፍም ብል «ምን ልትደብቅ ነው?» እባላለሁ። ስለ አዋጁ ያሠለጠነን ሰው የለም። የፋይል መደርደሪያው ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል። ባለፈው ሱሉልታ፣ ይቅርታ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማለቴ ነው (ስልኬ ራሱ እየጻፈ አስቸገረኝ) ኦቾሎኒ ገዛሁ። ጠቅልላ የሰጠችኝ ወረቀት የሰው የልደት ምዝገባ ማመልከቻ ነው። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ ፊርማ። ኦቾሎኒውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ፎቶኮፒ ቤት፦ ሰሌዳ ላይ ተጣላችሁ፤ የፋይዳውንስ? አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ ፊት ሰጥተናል። ያ መንግሥት ጋ ነው፣ ይሁን። ግን ሰዉ ካርዱን ለማሳተም ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ በየማታው አጠፋለሁ። የማያጠፋ ቤት ሞልቷል። ስልክ ቁጥር ቢበላሽ ትቀይራለህ፣ አሻራህን ምን ልታደርገው ነው?

የመርካቶው፦ አሁን የምር ልጠይቅ። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እሱም የመንግሥት። ሰሌዳውም የመንግሥት። ወንድም ወንድሙን ይቀጣል?

ጠበቃው፦ ይህን ጥርጣሬ እኔም አለኝ። አልዋሽህም።

ነርሷ፦ እሱ እስኪጠራ ግን ነገ የሚሠራ ነገር አለ። ስም እስከ አያት ይለጠፍ። መንደሩ ይጻፍ። ጋሼ ባለ ፎቁን ለመያዝ ይህ ይበቃቸዋል። ስልክና ምክንያት ቢሮ ውስጥ ይቅር።

ጡረተኛው መምህር፦ ምክንያት ከቀረማ ባለ ፎቁ በምን ተብሎ እንደገባ በምን ላውቅ ነው? ... እሺ፣ «በጤና» ወይም «በዕድሜ» ይበሉ፤ የሕመሙ ስም ይቅር። እሱን አምኛለሁ። ስልኩንም ውሰዱት፣ ለኔ ምንም አይሠራልኝም። ስሙን ግን ማንም እንዳይነካው።

የአጂፕ ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ነበር። አንድ ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈውበታል። ጠጋ ብዬ ሳየው ፊደሉ ከሥር ይነበባል። ስልኩ እንዳለ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ነገ 3 ሰዓት እዚያው በር ላይ ጠብቀኝ። ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ይዘህ ና።

መዝገብ ቤት የምሠራው፦ ኧረ ጋሼ፣ መጀመሪያ ኃላፊውን ያናግሩ!